የኅብስት ቆጠራ

በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ነፋስ በማይተኛባት በኦስትዱይን መንደር፣
ሠላሳ ዓመት ሆነኝ ቁልፍ ስይዝ፣ ጧፍ ስለኩስ፣ ኅብስት ስቆጥር።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ ቅዳሜ ማታ፣ በአንዲት መብራት፣
ነገ ማን ይመጣል ብዬ አሰላለሁ፣ ቤት በቤት።
ትርፍ አልወድም እኔ፤ ጉድለትም አልወድም፤
ስሌቴ በአንዲት ኅብስት ተሳስቶ አያውቅም።

ከዓሣ ነጋዴዎቹ ቤት፣ ከነልጆቻቸው፣ ስምንት፤
ደወል ደዋዩና ሚስቱ፤ ከአረጋውያኑ መጦሪያ አምስት፤
ሽማግሌው ካሚል፣ እሱ መቼም አይቀር፣ በረዶ ቢወርድ፤
ከዚያ ከድምሩ ላይ ሦስት እቀንሳለሁ፣ በልማድ።

ጎደሊቭ አንዷ ናት። የፊተኛው ባሏ በጡጫ ያነቃት፣
የኋለኛው ግን ሻይ አፍልቶ፣ ስሟን ጠርቶ የሚቀሰቅሳት።
ሃያ ሁለት ዓመት የመሠዊያውን ጨርቅ አጥባ፣ ተኩሳ፣
ሰው ለቁርባን ሲነሣ እሷ ትቀራለች፣ እግሯን ወደ ኋላ መልሳ።
በጉልበቷ ላይ ተሻግሮ ሁሉም ያልፋል፤
"ይቅርታ" ይላታል፤ ያልፋል።
በጫማው ነው የምታውቀው የመንደሩን ሕዝብ፦
የማን ክር እንደ ላላ፣ የማን ሶል እንዳለቀ፣ የማን ቆዳ እንደሚጠብ።

ሁለቱ ደግሞ ሊቨንና ዮሪስ፤ ከቦዩ ማዶ፣ በአንድ ጣራ።
የምለኩሰው ጧፍ ዮሪስ ካረባቸው ንቦች ሰም የተሠራ፤
ከላይ የሚወርደው ዜማ ከሊቨን ጣት፣ ከኦርጋኑ።
ቤቱን በብርሃንና በድምፅ ሞልተው ከማዕዱ ይቀራሉ፣ ሁለቱም፣ እንደ ቀኑ
እንግዳ።

ኅዳር ላይ አባ አንሰልም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወንበር አስደረደሩ፤
"ጳጳሱ ጠይቀዋል፤ እኔ ዛሬ ጸሐፊ ነኝ" አሉ፤ "እናንተ ተናገሩ።"
አንዷ፦ "ልጄ ከወዳጇ ጋር ስትመጣ የት ላስቀምጣት? ከምሰሶው ጀርባ?"
አንዱ፦ "በር ከተከፈተ እንግዳ ብቻ አይደለም፣ ውርጭም ነው የሚገባ።"
አንዱ ስለ ማሞቂያው ዋጋ ጠየቀ፤ ይህ ከስብሰባ አይጠፋም።
ሊቨን ዝም አለ። ዮሪስ ቀፎዎቼን ለብርዱ ላልብስ ብሎ አልመጣም።

ከዚያ ካሚል ተነሣ፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በቀስታ፦
"ክሎቲልድ ዘጠኝ ዓመት ኖረች፣ ስሜን ረስታ።
በማንኪያ አጎረስኳት። 'አንተ ማነህ?' ትለኛለች ማታ ማታ፤
'ባልሽ ነኝ' እላለሁ። ሌላ ሴት ነበረች፤ ሄደች፣ በሬን አንኳኩታ፣ አንኳኩታ።
አልከፈትኩም። ስለ ቃሌ። እንግዲህ ቃል ካልከበደ፣
ያ ሁሉ ሌሊት ምን ነበር? ዕድሜዬ ለምን ነደደ?"

አዳራሹ ጸጥ። ጎደሊቭ ብቻ፣ ቀና ሳትል፦
"ክብደቱን አውቀዋለሁ፣ ካሚል።
ሐሙስ ሐሙስ ከአልጋ ወደ መታጠቢያው፣
አንተ በብብቷ፣ እኔ በእግሯ በኩል፤ አብረን ነው ያነሣነው።"

አባ አንሰልም ብዕራቸውን ከደኑ። የእኔን ሐሳብ ማንም አልጠየቀኝ።
ቢጠይቁኝም መልስ የለኝ። እኔ ቆጣሪ ነኝ።

እሑድ። ሦስት ቀንሼ አቅርቤያለሁ። ኦርጋኑ ጀመረ።
ጎደሊቭ እግሯን ሰበሰበች። ሰልፉ ተሻገራት፣ እንደ ነበረ።
ካሚል በመደዳው መጣ፤ ከጉልበቷ ዘንድ ሲደርስ፣
"ይቅርታ" ከሚባልበት ቦታ ላይ ቆመ፤ ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ
ከኋላው ያሉት ጠበቁ።
አላለም።
ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ አኖረ፤ አጠገቧ ተቀመጠ።
አልተሻገራትም።

ሐሳቡን ለውጦ ይሆን? አይመስለኝም።
ሰኞ ዳቦ ቤት አገኘሁት፤ "ቃል ቃል ነው" ይላል፤ ዛሬም።
ብቻ በዚያ ቀን ከጻሕሉ ላይ አንዲት ኅብስት ተረፈች፤
የሠላሳ ዓመት ስሌቴ በእሷ ከሸፈች።

ይኸው ደግሞ ቅዳሜ መሸ። ሣጥኑን ከፍቼ ቆሜያለሁ።
ነፋሱ መስኮቱን ይደበድባል።
ሦስት ልቀንስ? አራት? ወይስ…
እንደገና እቆጥራለሁ።